ዘይት ሲቀዘቅዝም ሞተር ይታመማል

የሞተር ሙቀት ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚፈራው መጋልን ነው። ጀልባ ላይ ግን ዘይቱ ሳይሞቅ የሚውልበት ጊዜም አለ። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ደግሞ ሥራውን ከመሥራት ይከብዳል።

የአንዲት ጀልባ ባለቤት ወደኛ ጋራዥ የመጣው ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ለማስወረድ ቆርጦ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍት ውስጡ ማዮኔዝ የመሰለ ነጭ ዝቃጭ ሞልቶበታል። በቃ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበልቶ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቷል ተብሏል። ሞተሩ የቤንዚን ነው፣ ከጀልባዋ ወለል ሥር የተቀመጠ፣ የራሱ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያለው።

ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ግን ነገሩ አልገጥም አለን። የማቀዝቀዣ ፈሳሹ አልጎደለም። ኮምፕሬሽኑን (በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን ግፊት) ለካን፣ ሁሉም ሲሊንደር ደህና ነው፣ እርስ በርሱም ይቀራረባል። መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ትንሽ ደብዘዝ ከማለቱ በቀር ጤነኛ ይመስላል፤ ነጩ ነገር የተጠራቀመው ላይ፣ ክዳኑ ሥር ብቻ ነው። ጓርኒሲዮኑ የተበላ ሞተር ብዙውን ጊዜ ዘንጉ ላይ ያለውንም ያነጣዋል።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት የሙቀት መለኪያ ይዘን ጀልባዋን አስወጣናት። የውሃው ሙቀት ጌጅ 75 ዲግሪ ላይ ቆሞ ፍንክች አይልም። የዘይት ማጠራቀሚያው ግን ያን ያህል ተጉዘን እንኳ 60 ዲግሪ አልሞላም።

ዘይት ደስ የሚለው ከ90 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል፤ ከ1 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣል ብትለው ሰው አያምንህም፣ ግን እውነት ነው። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ጥቂቱ በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም ይዞ። ዘይቱ በደንብ ከሞቀ ይህ ሁሉ ተንኖ ይወጣል። ካልሞቀ እዚያው ይቀመጥና ዘይቱን ያበላሸዋል፤ ክዳኑ ሥር ያለው ነጭ ዝቃጭም ከዚሁ የመጣ ነው።

ለምን አልሞቀም? ከዚህ በፊት አንድ ሰው የዘይት ማቀዝቀዣ ጨምሮለታል። በብሎኩና በፊልትሮው መካከል አዳፕተር ገብቶ ዘይቱ በሁለት ቱቦ ወደ ማቀዝቀዣው ደርሶ ይመለሳል። አገጣጠሙ ንጹህ ነው፣ አይታማም። ችግሩ አዳፕተሩ ቴርሞስታት፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ መንገዱን የሚከፍትና የሚዘጋ ነገር፣ የለውም። ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚያልፈው ደግሞ ከጀልባዋ ሥር የሚሳበው ቀዝቃዛ ውሃ ስለሆነ ሞተሩ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ዘይቱን ያለ እረፍት ሲያቀዘቅዘው ይውላል። ሰውየው ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አብዛኛውን ቀን በሚኒሞ፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ይዞ፣ እያዘገመ ነው የሚውለው።

ቴስታታው ይቅርና አዳፕተሩ ቴርሞስታት ባለው ይቀየር አልን። ውስጡ ሲሞቅ የሚያብጥ ሰም አለ፤ እኛ የመረጥነው 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት የሚጀምረውን ነው። እስከዚያ ዘይቱ በአብዛኛው በአቋራጭ ይመለሳል። ጥቂት ግን ሁልጊዜ ወደ ማቀዝቀዣው ያልፋል፣ አየር ታፍኖ እንዳይቀርና ቴርሞስታቱ ሲከፈት በረዶ የሆነ ዘይት ባንዴ ተግተልትሎ እንዳይመጣ።

ሲገጠም የሆነውን ልንገራችሁ። ፊልትሮው ተፈታ፣ አሮጌው አዳፕተር ወረደ። ልጃችን ብሎኩን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ አዲሱን ሊያስቀምጥ ሲል ጋሼ “ቆይ አንተ” አሉት። (በዕድሜ ትልቁ መካኒካችን ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።) ጣታቸውን በብሎኩ ፊት ላይ ዙሪያውን አስኬዱት። ላይኛው ጠርዝ ጋ ሲደርሱ ጥፍራቸው የሆነ ነገር ያዘ።

“ካወረድከው ላይ ላስቲኩ የታለ?”

ልጁ አሮጌውን አዳፕተር ገልብጦ አየው። ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ላስቲክ የሚቀመጥበት ቦይ ባዶ ነው። ላስቲኩ ብሎኩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ጥቁር ላስቲክ፣ ጥቁር ዘይት፣ በዚያ ላይ ጨለማ ጥግ፣ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ጋሼ በጥፍራቸው ጀምረው ልጥጥ አድርገው አወጡት።

ሁለት ላስቲክ ተደራርቦ ሲታሰር ክፋቱ ወዲያው አለማፍሰሱ ነው። በሚኒሞ ይይዝና ያሞኝሃል። ዘይቱ ገና ቀዝቃዛና ወፍራም ሆኖ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ግፊቱ ይንርና አንዱ ሾልኮ ይወጣል። ጀልባ ላይ ደግሞ የፈሰሰው ዘይት ሞተሩ ሥር ነው የሚጠራቀመው፤ ያን ጊዜ ውሃ ማስወጫው ፓምፕ በራሱ ይነሳና ሁሉንም ጠራርጎ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ባለቤቱ የሚነቃው የዘይት ግፊት መብራቱ ሲበራ ነው፣ እሱም ካየው።

የቀረው ቀላል ነበር። መሃል ብሎኑን በእጅ ብቻ አዙረህ እስከ መጨረሻው ካልገባ አታስገድደው፤ ባለ ሦስት ሩብ ኢንችና ባለ 20 ሚሊሜትር ብሎን ለዓይን ወንድማማች ናቸው፣ ጥርሳቸው ግን አይገጥምም። ስታጠብቀው አዳፕተሩ አብሮ እንዳይዞር ያዘው፣ አለዚያ ቱቦው ቺንጋ (ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ) ላይ ይሄድና ያርፋል። የዘይቱን ልክ ደግሞ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ቴርሞስታቱ ከተከፈተ በኋላ አጥፍተህ እንደገና እየው፤ ማቀዝቀዣው የሚሞላው ያኔ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሰውየው አንድ ወዳጁን አስከትሎ ተመልሶ መጣ።

“ወንድሜ፣ የገጠማችሁት ነገር አይሠራም። ቱቦው በረዶ ነው።”

ወዳጁም “ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት፣ መንገዱን ዘግቶበታል” አለን። ጋሼ አልተከራከሩም። “ሥራውማ እሱ ነው። ኑ እንውጣ” ብቻ አሉ።

ወጣን። ባለቤቱን ከቺንጋው ራቅ ባለው በኩል አስቀምጠን ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደውን ቱቦ አስያዝነው። ነዳጅ ሰጠናት። ዘይቱ 60፣ 70 እያለ ወጣ፣ ቱቦው ያው ቀዝቃዛ ነው፣ ወዳጅየው ፈገግ ማለት ጀምሯል። 80ን አለፍ እንዳለ ባለቤቱ “እህ!” ብሎ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ 90 እና 95 መካከል ረጋ።

በቀጣዩ የዘይት ቅያሪ ክዳኑ ሥር ነጭ ነገር አልነበረም። አሁን የዘይት ሙቀት ጌጅ ይገጠምልኝ ብሏል፤ አዳፕተሩ ለሴንሰር የሚሆን ትርፍ ቀዳዳ ስላለው ሥራው ቀላል ነው። ያልተስማሙት ቦታው ላይ ነው። እሱ ከመሪው በስተቀኝ ይሁንልኝ ይላል፣ ጋሼ ደግሞ ከውሃው ጌጅ ጎን ካልሆነ አልገጥምም ብለዋል።