ግማሹ የጠፋው ስም

በሳምንት አምስት ቀን ቴክሳስ ውስጥ የመንገደኞች አውሮፕላን እጠግናለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። ቅዳሜ ግን ሌላ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) እሄዳለሁ፣ ያለ ክፍያ። እዚያ የቆመችው ሲ-47 ናት። አገር ቤት ዲሲ-3 የምንላት፣ ለወታደር የተሠራችው።

ባለቤቶቿ ተራ ሰዎች ናቸው። ጡረታ የወጡ ፓይለቶች፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አንዲት የሒሳብ መምህርት፣ ሁለት የኮሌጅ ልጆች። ገንዘብ አዋጥተው ገዟት፣ ብሎንና ሪቬት (ላሜራ የሚያያይዝ ምስማር) ሲጎድል ደግሞ ከኪሳቸው ያወጣሉ። እኔን እዚያ የወሰደኝ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው ማለት እችላለሁ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያው በረራ በዚችው ዓይነት አውሮፕላን ነበር። አየር መንገዳችን ሥራ የጀመረው ከጦርነት በተረፉ አምስት ሲ-47ዎች ነው። ታዲያ እንዲህ ዓይነቷ አጠገቤ ቆማ ሳለች ባልጎበኛት ምን ይባላል!

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። የሃንጋሩ ኃላፊ ከጭነት በሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ የተፈታ ላሜራ ሰጠኝና «ይህን አጽዳው» አለኝ። አንድ ቃል ናት። እኔ ደግሞ «አጽዳው» ሲባል የማውቀው የቀን ሥራዬን ነው፦ አሮጌው ቀለም ይለቀቃል፣ ዝገት ካለ ይታያል፣ ይታከማል፣ አዲስ ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም ሥር የሚሆን መከላከያ ቀለም፣ ይቀባል። ሰው የሚሳፈርበት አውሮፕላን ላይ ይህ ትክክል ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አይዝግም፣ ነጭ ዱቄት እየመሰለ ከቀለሙ ሥር ይበላል፤ ስለዚህ ቀለሙን ሳታነሳ ጤናውን በደንብ አታውቅም።

ማስክና ጓንት አደረግሁ። የዚያ ዘመን አረንጓዴ ፕራይመር ክሮሜት የሚባል ኬሚካል አለበት፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ መርዝ ነው። ቀለም አስለቃቂውን ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ማንሳት ጀመርኩ። ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ይነሳል። ከሥሩ የሚወጣው ላሜራ ያበራል። ደስ እያለኝ ነበር የምሠራው።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ዲሲ-3 ላይ የሠሩ መካኒክ ናቸው፣ አሁን ልጃቸው ጋ ይኖራሉ፣ ቅዳሜ በመኪናዬ አመጣቸዋለሁ። ዓይናቸው ቢደክምም ባትሪ ከእጃቸው አይለይም። ባትሪውን ከፊት ለፊት አያበሩም፣ ከጎን ዝቅ አድርገው በላሜራው ላይ ያስኬዱታል። መብራት እንደዚያ ሲሄድ ስንጥቁም ጉብታውም ጥላ ይጥላል። ገና ያልነካሁትን ግማሽ በዚያ ዓይነት ሲያዩ ቆዩና በድንገት ጮኹ።

«ቆይ! ቆይ አንተ ልጅ! እጅህን አንሳ!»

እጄ በአየር ላይ ቀረ።

በአረንጓዴው ቀለም ላይ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። ቀጥ ብለህ ስታየው የለም፣ ከጎን መብራት ሲያገኘው ይታያል። ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ለን» የሚል፣ ከዚያ 43። ከፊደሎቹ በፊት የነበረው እኔ ባነሳሁት በኩል ነው። ሄዷል። ጨርቄ ላይ እንደ አረንጓዴ ጭቃ ተኝቷል።

ሄለን ናት? ኤለን? ወይስ አለን የሚባል ወንድ? አናውቅም። ይህች አውሮፕላን የተሠራችው ኦክላሆማ ሲቲ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ሴቶች ሪቬት ይመቱ ነበር። አንዷ ሥራዋን ጨርሳ ስሟን በእርሳስ ጽፋ ሊሆን ይችላል። ያ ስም ከሰማንያ ዓመት በላይ ሙቀቱንም ብርዱንም ችሎ ቆየ። እኔ በሩብ ሰዓት ግማሹን አጠፋሁት።

ኃላፊው መጥቶ አየ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ፎቶ አንስተሃል?» አለኝ። አላነሳሁም። «አጽዳው ስልህ አቧራውን ማለቴ ነበር» አለና ዝም አለ። እሱም ጥፋቱ ገብቶታል። ሁለታችንም በአንድ ቃል የተለያየ ነገር ነው የሰማነው። እኔ ደግሞ አልጠየቅሁም፣ ምክንያቱም ሥራውን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ቡና ስንጠጣ ስለ አንዲት ሌላ ሲ-47 ተወራ። «ዛትስ ኦል፣ ብራዘር» ትባላለች፣ «በቃ፣ ወንድሜ» እንደማለት ነው፣ ለሂትለር የተላከ መልእክት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1944 ኖርማንዲ ላይ ፓራሹተኞችን የጫኑትን ከ800 በላይ አውሮፕላኖች ከፊት ሆና የመራች እሷ ናት። ከዓመታት በኋላ ግን ማንነቷ ተረሳ። ዊስኮንሲን፣ ኦሽኮሽ ውስጥ፣ አሮጌ ዲሲ-3ዎችን በአዲስ ሞተር በሚለውጥ ድርጅት ግቢ ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። አንድ የታሪክ ባለሙያ የምርት ቁጥሯን ተከትሎ ደረሰባት። እ.ኤ.አ. በ2015 ወዳጆቿ ከዚያ አወጧት፣ በ2019 ተጠግና ወደ ኖርማንዲ ተመልሳ በረረች። ያዳናት ቁጥር ነው። ያን ቁጥር እንደ እኔ ያለ ሁሉን የሚያጸዳ ሠራተኛ አንስቶት ቢሆን ኖሮስ?

ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ፀሐይ» የምትባለዋን አውሮፕላን አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ የተሠራችዋን፣ በጣሊያን ሙዚየም ከርማ በጥር 2024 ለኢትዮጵያ የተመለሰችዋን። የተዘረፈች ናት፣ ይህ የሚካድ አይደለም፣ እኔም ስለሷ ሳስብ ይቆጨኛል። ግን አካሏ ሳይበተን ስለቆየ ነው ዛሬ ልጆቻችን «ይቺ ናት» ሊባሉ የሚችሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራራችን ተለወጠ። ማንኛውም ክፍል ከመነካቱ በፊት ከጎን በሚመጣ መብራት፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ፣ ፊቱም ጀርባውም ፎቶ ይነሳል፣ ከየት እንደተፈታ የሚናገር ወረቀት ይታሰርበታል፣ ኬሚካል የግድ ከሆነ ደግሞ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ ብቻ ይሞከራል። አዲስ ሰው ሲመጣ ይህን የማሳየው እኔ ነኝ፤ ኃላፊውን ራሴ ነኝ የለመንኩት። ያቺ ላሜራም አልተቀባችም። ግማሿ እያበራ፣ ግማሿ አረንጓዴ እንደሆነ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ በላይዋ ቀጭን ፕላስቲክ ተደርጎባታል።

የዚያን ቀን ማታ ጋሼን ወደ ቤት ስመልሳቸው መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። በራቸው ላይ ስንደርስ ቀበቶውን ሳይፈቱ ተቀመጡ።

«እኔም ጽፌያለሁ» አሉ።

«ምን ጋሼ?»

«ስሜን ነዋ። ተለማማጅ ሳለሁ። ከፓይለቱ ወንበር ጀርባ ካለው ላሜራ ውስጠኛው ፊት ላይ፣ በእርሳስ፣ በአማርኛ። አለቃዬ እንዳያየኝ ቶሎ ዘጋሁት።»

«አውሮፕላኗ አሁን የት ናት?»

«ተሸጠች ሲባል ሰምቻለሁ። ቁጥሯን ግን አልረሳሁም።»

ከመኪናው ኪስ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ቁጥሩን በነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ ጻፉልኝ፣ እጃቸው ትንሽ እየተንቀጠቀጠ። በማግሥቱ የዲሲ-3ን የምርት ቁጥር አንድ በአንድ ለሚከታተሉ ወዳጆች ላክሁት። ሁለት ባለቤት እንደቀየረች ደርሰውበታል። ሦስተኛውን እየፈለግን ነው።