ያወጣሁት ግድግዳ

የሻወር መስታወት መግጠም ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የመስታወት ማጣበቂያውን ሲሊኮን ስስብ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ አለቃዬ ጋሼም ደንበኛ ፊት አመስግነውኛል። ጣጣው ከዚያ ምስጋና ሳይጀምር አልቀረም።

አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እትዬ ሦስት የዓሣ ገንዳ ነበራቸው። እያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ወርድ፣ 50 ሴንቲ ቁመት፣ መስታወቱ ባለ 8 ሚሊ። «መሃል መሃሉን አውጥተህ አንድ ረጅም አድርግልኝ፤ ባሩን ከመመገቢያው ይለይልኛል» አሉኝ። ጋሼ ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ወርደው ነበር። መደወል እችል ነበር፤ አልደወልኩም። አዲስ መስታወት ከመግዛት ይረክሳል ብዬ ዋጋ ቆረጥኩ።

በምላጭና በጊታር ሽቦ አራቱን የውስጥ ግድግዳዎች ፈልቅቄ አወጣሁ። ጫፍ ለጫፍ አጋጥሜ ሲሊኮን ሳብኩ፤ መጋጠሚያው ላይ ከውስጥ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው ቁራጭ መስታወት ለጠፍኩ። የድሮውን ሲሊኮን ላይ ላዩን ብቻ ነው የፋቅኩት። በማግስቱ 20 ሴንቲ ውሃ ሞላሁበት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ምግብ ቤቱ ወስጄ ተከልኩት፤ በውሃ ልክ አስተካክዬ 45 ሴንቲ ድረስ ሞላሁና ቤቴ ገባሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ዘበኛው ደወለ። «ኧረ ድረስ! ቤቱ ሐይቅ ሆኗል!»

ስደርስ የፊተኛው መስታወት መጋጠሚያው ላይ ወደ ውጭ ሆዱን ነፍቶ ተከፍቷል። 540 ሊትር ውሃ ፓርኬው ላይ ፈሷል። ዓሦቹ ግን በርሜል ውስጥ በሰላም ይዋኛሉ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን እስኪወጣለት ይቆይ ተብሎ ገና አልገቡም ነበር።

ጋሼ ከለቅሶ እንደተመለሱ ቀጥታ እዚያው መጡ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና «በስንት ሞክረኸው ነበር?» አሉኝ።

«በ20 ሴንቲ።»

እስክሪብቶ አውጥተው ናፕኪን ላይ አሰሉት። 20 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ውሃ እያንዳንዱን ሜትር ፊት በ20 ኪሎ ያህል ይገፋል። 45 ሴንቲ ሲደርስ ግን አንድ ኩንታል ይሆናል። ጥልቀቱ ከእጥፍ ትንሽ ቢበልጥ ግፊቱ አምስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ለሦስቱ ሜትር ሦስት ኩንታል። «ያንን ኩንታል ማን ይዞት ነበር መሰለህ? ግድግዳው ነው። ፊትና ጀርባውን አንቆ የያዘውን አውጥተህ ሲሊኮን ያዝልኝ አልከው።» እኔ ግድግዳውን እይታ የሚከልል ትርፍ ነገር አድርጌ ነበር ያየሁት። የሻወር በርን ደግሞ የቆመ ውሃ አይገፋውም።

ቀጥለው የተከፈተውን መጋጠሚያ በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት አዲሱ ሲሊኮን ከአሮጌው ላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነሳ። የደረቀ ሲሊኮን ላይ አዲስ ሲሊኮን አይዝም፤ በምላጭ መስታወቱ እስኪታይ ተፍቆ በአሴቶን መወልወል ነበረበት። ከዚያ ባዶውን ቱቦ አንስተው ጽሑፉን አነበቡ። ሻጋታ የሚከላከል የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን! ለሻጋታ የተጨመረው መድኃኒት ዓሣም ይጎዳል። ስለዚህ ገንዳው ባይፈስም ዓሦቹን እኔው ልመርዛቸው ነበር።

እትዬ ግን አሁንም ረጅም ገንዳ ይፈልጋሉ። 3 ሜትር አንድ ወጥ ይሠራ ቢባል መስታወቱ ወፍራም፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ጋሼ ሦስቱ ሦስት ሆነው እንዲቀሩ፣ በቀዳዳ ብቻ እንዲገናኙ ወሰኑ። ያወጣኋቸውን ግድግዳዎች መልሼ ገጠምኩ፤ በዚህኛው ዙር እንደ አቼቶ የሚሸተውን፣ ምንም መድኃኒት የሌለበትን ሲሊኮን ይዤ። አንድ ሳምንት ሳንነካው ደረቀ።

ከመብሳታችን በፊት ጋሼ የሾፌሩን ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር ተበደሩ። ላፕቶፕ ላይ ነጭ ስክሪን ከፍተው ከመስታወቱ ኋላ አቆሙና እየው አሉኝ። በአንደኛው ገንዳ ወለል ላይ የነብር ቆዳ የመሰለ ነጠብጣብ ታየኝ። ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ መስታወት ነው፤ መሰርሰሪያ ከነካው በአንድ አፍታ ብትንትኑ ይወጣል። የውስጥ ግድግዳዎቹ ላይ ግን ነጠብጣብ ስላልነበረ እነሱን በአልማዝ መሰርሰሪያ፣ ውሃ እያንጠባጠብን፣ 6 ሴንቲ ስፋት በሳናቸውና ቀዳዳዎቹን በአጭር ቱቦ አገናኘናቸው። ፓምፑ ከቀኝ ጫፍ ውሃ ይስባል፣ ግራ ጫፍ ላይ ይለቃል፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ አልፎ ይመለሳል። በገንዳዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በአሉሚኒየም ሸፈንነው።

የፓርኬው ሒሳብ ከደመወዜ በሦስት ወር ተቆረጠ። እትዬ እስከ ዛሬ «ባለ ሦስት ክፍሉ ገንዳዬ» እያሉ ይሸነቁጡኛል። ዓሦቹ ቀዳዳውን በሁለት ቀን ለመዱት። አንዷ ወፍራም ጎልድፊሽ ብቻ ከቀኙ ክፍል ወጥታ አታውቅም፤ ቀዳዳው አይበቃትም።