በሰው አገር አሮጌ ቤት ውስጥ ስፈትል የተጠየቅሁት ጥያቄ

ከደብረ ማርቆስ የሚደውሉልኝ የልጅነት ጓደኞቼ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ የት እንደምሄድ ከሰሙ ወዲህ ጥያቄያቸው አላባራም። አንዷ «ሙዚየም ተቀጠርሽ እንዴ እቴ?» ትለኛለች፤ ሌላዋ «የሰው አሮጌ ቤት ለመግባት ገንዘብ ትከፍያለሽ? እኛ ዘንድ ብትመጪ አሮጌ ቤት በነጻ ሞልቷል» ብላ ትስቃለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮ ጥጥ መፍተል ምን የሚሉት ነገር ነው ብላ ከልቧ ታዝንልኛለች። በስልክ እየቆራረጥሁ ከምመልስላቸው አንድ ጊዜ በጽሑፍ ልንገራቸው ብዬ ነው ይህን የጻፍሁት፤ ለመሰደድ ልቡ የተነሣ ወጣትም ቢያነበው ደስ ይለኛል።

እዚህ አሜሪካ የምሄድበት ቤት በድሮ ጊዜ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ፣ ዛሬ ግን ማንም የማያድርበት ቤት ነው። አልጋው እንደተነጠፈ፣ ሳህኑ በገበታው ላይ እንደተደረደረ፣ የጌታው መነጽር በመጽሐፉ ላይ እንደተቀመጠ ይጠበቃል። በየክፍሉ በር ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ብርሃን የጨርቅን ቀለም ስለሚበላ መጋረጃው አይገለጥም፤ የእጅ ወዝ ብሩንም እንጨቱንም ስለሚጎዳ ዕቃ መንካት ክልክል ነው። አሜሪካውያን እንዲህ ያለ ቤት የመጠበቅ ልማዳቸው የቆየ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ጆርጅ ዋሽንግተን ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት ዘመን ያረፈበት በኒውበርግ የሚገኘው የሐዝብሩክ ቤት በ1850 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም አን ፓሜላ ካኒንግሃም የተባለች ሴት ያቋቋመችው የሴቶች ማኅበር ገንዘብ አሰባስቦ የዋሽንግተንን መኖሪያ ማውንት ቨርነንን በ1858 ለመግዛት ተዋዋለ፤ ቤቱን እስከ ዛሬ የሚያስተዳድረው ያው ማኅበር ነው። ማኅበርና ዕድር ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም ነበር፤ ነገር ግን እኛ ተዋጥተን የምናቆመው ቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ የሰው መኖሪያ ለትውልድ ይቆይ ብለን ስናዋጣ አላየሁም።

ቤት ግን ገመድ ስለ ተወጠረለት ብቻ አይቆይም። ጎብኚ አንድ ጊዜ አይቶ ይሄዳል፤ ጣሪያው ግን በየክረምቱ ያፈሳል፤ የመግቢያ ክፍያም ጣሪያውን ለማሳደስ አይበቃም። ስለዚህ የቀድሞውን የሠረገላ ቤት መማሪያ ክፍል አድርገው የሰፈሩን ሰው ይጠራሉ፤ ጥልፍ፣ የቅርጫት ሥራ፣ ሰም እያቀለጡ ሻማ ማዘጋጀት፣ በእንጨት እሳት ዳቦ መጋገር፣ ክር መፍተል ያስተምራሉ። የሻይ ግብዣ አለ፤ በበጋ ምሽት በግቢው ሣር ላይ ሙዚቃ አለ፤ በመከር ወቅት ደግሞ ሙያተኞች ሁሉ በደጅ ተቀምጠው ለሕዝብ የሚያሳዩበት ቀን አለ። አስተማሪዎቹ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ጡረተኞች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር የዋለ ሰው እርጅና በዚህ አገር ብቸኝነት ብቻ እንዳልሆነ ያያል። መርፌ ለመጨበጥ ግን ፎርም መሙላት ግድ ነው፤ ጣቴን ብወጋ አልከስም ብሎ ይፈርማል። የሻይ ግብዣው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ከተባለ አሥር ሰዓት ሲሞላ ወሬው በመካከሉ ተቋርጦ ሁሉም ኮቱን ያነሣል። አቦል ቀምሶ የሚነሣ እንግዳ ለሚያስቀይመን ለእኛ ይህ ቅጭም ያለ ነገር ነው። እነርሱም ለአንድ ቡና ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ስንሠዋ ቢያዩን ይገረሙ ነበር፤ ከሁለቱ ልማዶች የትኛው እንደሚሻል ለመፍረድ አልቸኩልም።

ወደዚያ ቤት የመራኝ ብቸኝነት ነው። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ጎረቤቱን በመስኮት ብቻ ያውቀዋል፤ ያገሬን ሰው የማገኘውም በክርስትና፣ በሠርግና በለቅሶ ነበር፤ እዚያም ወሬው ስለ ወረቀትና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ይሆናል። በቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ የመፍተል ትምህርት ማስታወቂያ ተለጥፎ ባየሁ ጊዜ ጣቶቼ ቀድመውኝ አወቁት። ትምህርቱ በቅዳሜ ጧትም በሐሙስ ማታም ይሰጥ ነበር። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «በሰንበት እንዝርት ልትይዢ?» ብላ ተቆጣች፤ እርሷ በዘመኗ በቅዳሜ እንዝርት ይዛ አታውቅም። ሐሙስን መረጥሁ።

የመጀመሪያው ዕለት አስተማሪዋ ለሁላችንም የበግ ጠጉር አደለችን። የበግ ጠጉር ረጅም ስለሆነ ለጀማሪ ይታዘዛል፤ ጥጥ ግን ጭረቱ አጭር ነውና በቂ ጥምዘዛ ሳያገኝ ክብደት ከተንጠለጠለበት ይበጠሳል፤ በዚህ ምክንያት እዚያ ጥጥን የሚያስተምሩት ለቆዩ ተማሪዎች ነው። እኔ ጥጥ እንዳለ ጠየቅሁ። አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ አመልማሎ ሆኖ፣ በእንዝርት ዞሮ ልቃቂት እስኪሆን ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ በእናቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ያየሁት ነውና እንዝርቱን ጭኔ ላይ አሽከርክሬ እጄን ወደ ላይ ስስበው ክሩ ሳይበጠስ እየቀጠነ ወጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አስተማሪዋ ወንበሯን አጠገቤ ስባ እንደ ተማሪ ተቀመጠች። በዚህ አገር እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ የማውቀውን ነገር አሳዪኝ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ የሚጠይቁኝ ሁሉ የማላውቀውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ረዳት አስተማሪ ሆንሁ፤ በመከሩ ቀንም በግቢው ውስጥ እንድፈትል ተጠራሁ። አሁን የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

የቤቱ አስጎብኚዎች በእንዲህ ያሉ ቀናት የጥንት ልብስ ይለብሳሉ፤ ሽርጥ ይታጠቃሉ፤ የጨርቅ ቆብ ያጠልቃሉ። እኔ ያገሬን ቀሚስ ለበስሁ፤ ድሩንም ማጉንም እናቴ የፈተለችው፣ ያገራችን ሸማኔ የሠራው፣ ደረቱ ላይ ጥልፍ ያለበት ለዓመት በዓል የተሰጠኝ ቀሚስ ነው። ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ስፈትል ሁለት የልጅ ልጆቹን ይዞ የመጣ አንድ ሽማግሌ ፊቴ ቆመ። ደህና የለበሰ፣ ድምፁ የለዘበ ሰው ነበር። ጥቂት አየኝና «በዚህ ቤት ከነበሩት አገልጋዮች የየትኛዋን ቦታ ይዘሽ ነው የምታሳዪን?» አለኝ። የሰማሁ አልመሰለኝም፤ እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት። ቋንቋው ያልገባኝ መስሎት ቃል በቃል እየለያየ፣ ቀስ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ ደገመው። ቀጥሎም ልብሱ በጣም እንደሚያምርብኝ ነግሮኝ ማታ ለሙዚየሙ መልሼ እንደምሄድ ጠየቀኝ።

እንዝርቱን አስቀመጥሁ። «ጌታዬ፣ የማንንም ቦታ አልያዝሁም። እኔ የዚህ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ልብሱ የራሴ ነው፤ ክሩን የፈተለችው እናቴ ናት፤ አገሬም በኢትዮጵያ ጎጃም ነው» አልሁት። ፊቱ ቀላ፤ አመሰገነኝና የልጆቹን እጅ ይዞ ሄደ። አለመሳደቡ ነው ይበልጥ ያቆሰለኝ። የሰደበኝ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር፤ እርሱ ግን በትሕትና፣ ልጆቹን ሊያስተምር ብሎ ነው የጠየቀኝ። ጥቁር ሴት በዚያ ባለጸጋ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ሲያይ ሊያስብላት የቻለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከዚህ ሌላ መልስ በልቡ አልነበረም።

በዚያው ማታ ዕቃ ለመመለስ በቤቱ የኋላ ደረጃ ወጣሁ። ያ ደረጃ ለአገልጋዮች የተሠራ ነው፤ ጠባብ፣ ጨለማ፣ ባለቤቶቹ ሲወጡ ሲወርዱ እንዳያዩአቸው በግድግዳ የተከለለ። ለጎብኚ በሚሰጠው የማብራሪያ ወረቀት ላይ የጌታው ፈረሶች በየስማቸው ተጽፈዋል፤ እሳቱን ያነደዱት ሴቶች ግን «ወጥ ቤቷ»፣ «አልጋ አንጣፊዋ» ተብለው ታልፈዋል። ይህን ሳነብ ቁጣዬ መልኩን ለወጠ። አገልጋይ መባል ውርደት አይደለም፤ ሠርቶ የሚያድር ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም፤ እናቴም የሰው ቤት ሠርታ አሳድጋኛለች። ውርደቱ ስም ሳይኖራቸው መቅረታቸው ነው፤ እኔም ያን ቀን ስም አልባ ከተደረጉት ሴቶች መካከል መደመሬ ነው። ለኃላፊዋ ሄጄ ነገርኋት። ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከዚያ ወዲህ በደጅ የሚቀመጥ ሙያተኛ ሁሉ ስሙ፣ አገሩና ሙያውን ያስተማረው ሰው ማንነት በፊቱ በሰሌዳ እንዲጻፍ መደረጉ ነው። የእናቴ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ በዚያ ግቢ ቆሟል።

ይህ ነገር ከእኔ በፊት የታሰበበት መሆኑን የተረዳሁት ቺካጎ በሄድሁ ጊዜ ነው። እዚያ በ1856 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሐል ሐውስ የሚባል ቤት አለ። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 ገብተውበት ለጣልያን፣ ለግሪክ፣ ለአይሁድና ለሌሎችም ስደተኞች ቋንቋ፣ ስፌት፣ ምግብ ሥራና ሙዚቃ የሚማሩበት፣ ተሰብስበው የሚጫወቱበት ስፍራ አደረጉት። ጄን አዳምስ የስደተኞቹ ልጆች ፋብሪካ ገብተው እንግሊዝኛ ሲለምዱ በእናቶቻቸው ማፈር መጀመራቸውን አስተዋለች፤ ስለዚህ በ1900 የሥራ ሙዚየም ከፈተችና እነዚያን እናቶች በእንዝርትና በመሸመኛ ፊት አስተማሪ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ልጆቹ እናቶቻቸው ሲደነቁ አይተው ልባቸው ተመለሰ። ሴትዮዋ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብላለች። ግቢው ኋላ ላይ ለዩኒቨርሲቲ ግንባታ ሲባል አብዛኛው ፈርሶ የቀረው ዋናው ቤትና የመመገቢያው አዳራሽ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እዚያ ቆሜ ያሰብሁት የእኛን ልጆች ነው፤ ነጠላ ለብሳ ትምህርት ቤታቸው በር ላይ የምትጠብቃቸውን እናት ከሩቅ አይተው የሚሸሹትን።

ፈረንጁን ብቻ ወቅሼ እንዳልቀር ግን የራሳችንም ጉድ አለ። በጥምቀት የምንኮራበትን ነጭ ሸማ የሠራልንን ሸማኔ፣ የምናርስበትን ማረሻ የቀጠቀጠልንን ሰው ቡዳ ነው ብለን አብረነው ገበታ ሳንቀርብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት ቢያልፍም ስድቡ ከአፋችን አልጠፋም። የሽማግሌው ጥያቄ አቆሰለኝ፤ እኛ ግን ጥያቄም ሳናቀርብ ነው የሰውን ቦታ የምንወስንለት።

በነጻ አሮጌ ቤት ሞልቷል ላለችኝ ጓደኛዬም መልሴ እዚህ ላይ ነው። እውነት ነው፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት በከተማችን መካከል አለ። ኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው መንገሣቸውን፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ መዝመታቸውን፣ በ1893 ዓ.ም. ማረፋቸውን ተምረናል። በዚያ ቤት ጠጅ የጣለችውን፣ ለንጉሡ ኩታ የፈተለችውን ሴት ግን ማን ያውቃታል? በዚያ ግቢ አንዲት ክፍል ተሰጥታ በሥራ ቀን አንዲት ፈታይ፣ አንድ ሸማኔ፣ በስንደዶና በአክርማ ሞሰብ የምትሰፋ አንዲት እናት ተቀምጠው ቢያስተምሩ፣ ማታ ማታም ከዲማና ከዋሸራ የተማረ አንድ የቅኔ መምህር ቢጋበዝ፣ ከተማው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ክፍያው ግን አስቀድሞ ለአስተማሪዎቹ ይሁን፤ ጣሪያው ይደርስበታል።

ለመምጣት የምታስቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናችሁን ስታጠኑ አንድ ወር እንኳ ከእናታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የምትሠራውን በእጃችሁ ሞክሩት፤ የዕቃውን ስም፣ የሥራውን ተራ ጻፉት፤ ምክንያቱም እዚህ የትምህርት ማስረጃችሁ ዓመታት ተሰልፎ ሲጠብቅ እጃችሁ የሚያውቀው ግን በዚያው ሳምንት ሰው ያገናኛችኋል። ብቸኝነት ሲጫናችሁ ያገር ልጅ ብቻ አትጠብቁ፤ በሰፈራችሁ ያለውን አሮጌ ቤት በር አንኳኩ፤ ክፍያው ከከበዳችሁ ለነዋሪ ቅናሽ ወይም በአገልግሎት የሚካካስበት መንገድ እንዳለ ሳታፍሩ ጠይቁ። ቡና እንድታፈሉላቸው ቢጋብዟችሁ በጢስና በእሳት ምክንያት በቤቱ ውስጥ መቁላት እንደማይፈቀድ ዕወቁና በደጅ ተዘጋጁ፤ አትቀየሙ። በሕዝብ ፊት ቁጭ ብላችሁ እንድታሳዩ ሲጠሯችሁ ግን ከመቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ስማችሁ በፊታችሁ እንደሚጻፍ፣ ስለ ሙያው የምትናገሩት እናንተ ራሳችሁ እንደሆናችሁ፣ የድካማችሁም ዋጋ ስንት እንደሆነ። ይህን የማይሰጥ ቤት ቢሆን ምንም ያህል ቢያምር ተነሥታችሁ ሂዱ።