ሀዋሳ ሐይቅ በግማሽ ፊልም

ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ማለዳ ላይ ፀሐይ ከጀርባ መጥታ የማዶውን ዳር ታበራለች። አመሻሽ ላይ ቀጥታ ሌንስ ውስጥ ነው የምትገባው። ለሰፊ ምስል ማለዳው ይሻላል።

ለዚህ ሥራ ውድ የ6 በ17 የፊልም መያዣ (ረጅምና ጠባብ ምስል የሚያነሳ) የግድ አይደለም፤ ባለ 4 በ5 ኢንች ካሜራና አንድ ትርፍ ዳርክ ስላይድ (ፊልሙን ከብርሃን የሚከልል ስስ ሳህን) ይበቃል፤ ግማሹን ፊልም በተራ እየሸፈኑ ሁለቴ ማንሳት ነው። ስላይዱ በቁመቱ ተቆርጦ ግማሹ ይወጣል፣ እጀታው ሥር ያለው ክፍል ግን ሙሉ ወርዱን እንደያዘ ይቀራል። የሚተርፈው ከእኩሌታው 2 ሚሊሜትር ያህል ሰፋ ካላለ ሁለቱ ምስሎች መሃል ላይ ይነካካሉ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና መጥረግ ነው፤ ብናኙ ፊልሙ ላይ ካረፈ ህትመቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በዚህ መንገድ አንድ ፊልም 45 በ120 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ምስሎች ይሰጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ሌንሱ መሃል ላይ ከቆመ፣ አድማሱ የሚያርፈው በሁለቱ ግማሾች ድንበር ላይ ነው። ያኔ ካሜራውን ጎንበስ ወይም ቀና ማድረግ ያምራል፤ ዋጋው ግን የዳርቻው ዛፍና ምሰሶ ወደ ጎን መጋደል ነው። መፍትሔው ሌንሱን ብቻ ማንቀሳቀስ ነው፦ ክፍቱ የፊልሙ የላይ ግማሽ ከሆነ 25 ሚሊሜትር ወደ ላይ፣ የታች ከሆነ ያንኑ ያህል ወደ ታች። በ90 ሚሊሜትር ሌንስ ተራው ወናፍ (ሌንሱንና ፊልሙን የሚያገናኘው ተጣጣፊ ክፍል) ተጨፍልቆ እሺ አይልም፣ ለስላሳ የከረጢት ወናፍ ይፈልጋል።

ውሃ ልክ ሐይቅ ፊት ለፊትም ያስፈልጋል። የአንድ ዲግሪ ዝንባሌ ከጫፍ ጫፍ 2 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ሲታተም ደግሞ ሐይቁ የሚፈስ ይመስላል። ከሀዋሳው ታቦር ተራራ ላይ ሲታይ ግን የማዶው ዳር ራሱ ያታልላል፤ የራቀው ጫፍ ከቀረበው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ካሜራው ያዘነበለ ይመስላል። ዳሩን ሳይሆን ውሃ ልኩን ማመን ነው።

ቅደም ተከተሉ አጭር ነው። ሸተር ይዘጋል፣ ሙሉው ስላይድ ወጥቶ ግማሹ ይገባል፣ ይነሳል፣ ግማሹ ወጥቶ ሙሉው ይመለሳል። ስላይድ ሲቀያየር ሆልደሩን (የፊልም መያዣውን) በጥቁር ጨርቅ መሸፈን ብርሃን እንዳይሾልክ ይረዳል። እጀታው ላይ በነጭ ቀለም «ላይ» እና «ታች» ብሎ መጻፍ ደግሞ በአንዱ ግማሽ ላይ ሁለቴ ከማንሳት ያድናል። ለሁለተኛው ምስል ስላይዱ ሲገለበጥ ሌንሱም ወደ ሌላው ወገን መሄድ አለበት፤ ይህ ነው ቶሎ የሚረሳው።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) በሰፊ ሌንስ አልወድም፣ ሰማዩን አንድ ቦታ አጥቁሮ ሌላውን ያነጣዋል። ቢጫ ፊልተር አንድ ስቶፕ (የብርሃኑን እኩሌታ) ይበላል እንጂ እንዲህ አያደርግም። ገና ሲነጋ በ400 አይኤስኦ ፊልም፣ በኤፍ 32 (በጠባብ የሌንስ ቀዳዳ)፣ ከፊልተሩ ጋር ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ይጠይቃል፤ ነፋስ ከተነሳ ወናፉ እንደ ሸራ ይይዘውና ምስሉ ይደበዝዛል። ሌሊቱ ሳይለቅ ከተነሳም ፊልም ብርሃን ሲቀንስና ጊዜው ሲረዝም ስለሚደክም፣ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፊልም ላይ መለኪያው 10 ሰከንድ ሲል 20 ነው የሚሰጠው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳዎች (ትልልቅ ወፎች) እንደ ሐውልት ቆመው ይቆዩና ልክ በዚያች 20 ሰከንድ ውስጥ አንገታቸውን ያዞራሉ።