የ6 ደቂቃ ድምፅና የጣና ጥልቀት

ባሕር ዳር ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ኦንላይኑንና የክፍሉን ትምህርት አቀናጅቼ መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ ባልደረቦቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «በዚህ ኔትዎርክ እንዴት ይሆናል?» እንዲሆን ያደረግኩት ኔት ለማውረድና ለመላክ ብቻ እንዲያስፈልግ በማድረግ ነው።

መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ፣ ለብዙ ሰው ኦንላይን ማለት በዙም ሌክቸር መስጠት ነበር። ዙም ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት መስመር ላይ እንዲገኝ ይፈልጋል። መብራት የጠፋበት፣ ካርድ ያለቀበት ተማሪ ትምህርቱ ያመልጠዋል። ስለዚህ የቀጥታ ሌክቸሩን ሙሉ በሙሉ ተውኩት።

ንድፈ ሐሳቡን በስልኬ እቀዳለሁ፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ባጃጆቹ ሳይነሱ። አንድ ቅጂ፣ አንድ ሐሳብ። የ6 ደቂቃ ድምፅ ከ3 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ቪዲዮ ቢሆን ስንት እጥፍ ይሆን ነበር። የተናገርኩትን በጽሑፍ አያይዤ በቴሌግራም እለቀዋለሁ። ጽሑፉን አልተውም፤ መስማት የሚቸግረው ተማሪ አለ። አንዱ ካወረደው ለዶርም ጓደኞቹ በብሉቱዝ ያዳርሳል።

የኩዊዝ ጥያቄዎቹ ሙድል በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መስጫ ላይ ናቸው። ብዙ መምህር የማያውቀው ነገር አለ፦ ኩዊዙን ስታዘጋጁ ከፈቀዳችሁ፣ ተማሪው በሞባይል አፑ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ይሠራዋል። መልሱን ኔት ሲያገኝ ይልካል። እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ኩዊዙ ለማርክ ብቻ ከሆነ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ክፍል ከመግባቴ በፊት የት እንደተሳሳቱ አያለሁ። አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ጠየቅኩ፦ «የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ነው። ጀልባችሁ ከቆመበት ሥር ስንት ሜትር ውኃ አለ?» አብዛኛው 8 ሲል መለሰ። ያዘጋጀሁትን ትቼ ጥያቄውን ይዤ ገባሁ። ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት የዘጌ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አባቴ እኮ ታንኳውን ዳር ዳሩን በዘንግ እየገፋ ነው የሚሄደው። ወደ መሐል ሲገባ ዘንጉ መሬት አይነካም።»

ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ እንደሚደርስ ነገርኳቸው። «ታዲያ አማካዩ ምን ጠቀመን?» አለ አንዱ ከኋላ። ስለ ስርጭትና ስለ ስታንዳርድ ዴቪየሽን (ቁጥሮች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ ስለሚያሳየው መለኪያ) ያወራነው ከዚያ ተነስተን ነው፤ ሰዓቱ አልበቃንም። ሌክቸር ስሰጥ ብውል ይህ ጥያቄ አይመጣም ነበር።

ለመጀመር ለሚያስብ ሰው የምለው፣ ከክፍሉ ሳትቀንሱ ኦንላይን አትጨምሩ። ድምፁን የሰማ ተማሪ ያንኑ ሌክቸር ክፍል ውስጥ ከደገማችሁበት፣ በሁለተኛው ሳምንት ድምፁን መስማት ያቆማል። እውነቱን ነው። ሁሉንም ምዕራፍ ባንዴ አትጀምሩ፤ ተማሪ በየዓመቱ የሚወድቅበትን አንዱን ምረጡ።

የሚያበሳጨኝ፣ ይህ ሁሉ ዝግጅት በማስተማር ሰዓት ስሌት ውስጥ አለመግባቱ ነው። ክፍል ቆሞ ማውራት ይቆጠራል፤ ሌሊት ተነስቶ መቅዳት፣ ጥያቄ ማውጣት፣ መልስ መመርመር አይቆጠርም። ይህ ካልተስተካከለ ጀማሪው መምህር ለምን ብሎ ይገባበታል? የሠራኋቸውን ጥያቄዎች ይህንኑ ትምህርት ከእኔ ጋር ለሚያስተምሩ ሁለት ጀማሪ መምህራን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቢያንስ ከዜሮ አይነሱም።