ስታኞና ቆርቆሮ

ማክሰኞ፣ ማታ

የአሮጌው ሬዲዮ የድምፅ ማጉያ ሽቦ ተነቅሎ ስለነበር መበየጃውን ሰክቼ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ከጎኔ ሆኖ የስታኞውን፣ ማለትም ቀልጦ የሚበይደውን ሽቦ፣ ጥቅል ሲያገላብጥ ቆየና፣ «እማዬ፣ ስታኞ ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«ከቆርቆሮ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጣሪያ ከሚሠራበት ቆርቆሮ?»

አይደለም ማለት ቀላል ነበር። ለምን እንዳልሆነ ማስረዳቱ ግን እስከ እራት ሰዓት ወሰደብን። አሁን እሱ ተኝቷል፤ እኔ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ።

ለጣሪያም፣ ለምግብ ማሸጊያም፣ ለማዕድኑ ለራሱም አንድ ቃል ነው ያለን፤ ቆርቆሮ። ጣሪያው ግን ዚንክ የተቀባ ስስ ብረት ነው፤ ከስም በቀር ቆርቆሮ የለበትም። የምግብ ጣሳውም ዋና አካሉ ብረት ነው። በእርግጥ እዚህኛው ላይ እውነተኛ ቆርቆሮ አለ፤ ነገር ግን በጣም ስስ ሆኖ የተለበጠ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም።

ልጄ ይህን በቃል ብቻ እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት አንሥተን ባዶ የምግብ ጣሳ ላይ አስጠጋነው፤ ቀጭ ብሎ ተጣበቀ። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ላይ ሞከርነው፤ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ እሱ አሉሚኒየም ነው። በመጨረሻ ስታኞው ላይ አደረግነው፤ ምንም። እውነተኛውን ቆርቆሮ ማግኔት አይስበውም። ልጄ ሦስቱን ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ «ታዲያ ለምን አንድ ስም ሰጧቸው?» አለ። ዛሬ ከተጠየቅኩት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ዓይን ነው ስም ያወጣው። ሁሉም ነጭ፣ የሚያብለጨልጩ፣ ሲመቷቸው የሚጮኹ ስሶች ናቸው። ሥራቸው ግን እጅግ ይለያያል። ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው ራሱን አስቀድሞ በማስበላት ነው፤ ጣሪያው ቢጫርም ዚንኩ በዙሪያው እስካለ ድረስ ዝገቱን ይከላከላል። የቆርቆሮ ልባጥ ግን የሚጠብቀው እንከን የሌለው ሽፋን ሆኖ ሲቆይ ነው። ዝናብ ላይ ውሎ አንድ ቦታ ከተጫረ፣ ሥሩ ያለው ብረት ከነጭራሹ ካልተለበጠው ይልቅ ፈጥኖ ይዝጋል። ጣሪያ በእውነተኛ ቆርቆሮ ብቻ ቢለበጥ ኖሮ ብዙ አያገለግልም ነበር። ስሙ ለጣሪያው፣ ሥራው ለዚንክ ሆነ ማለት ነው።

ለነገሩ እርሳስም እንዲሁ ነው። ልጄ የሚጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይት እንጂ እርሳስ የሚባለው ብረት አይደለም።

ቆርቆሮ የሚለው ቃል የማዕድኑ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ቦታም አለ። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 27 የተርሴስ ነጋዴዎች ወደ ጢሮስ ገበያ ከሚያመጡት መካከል ብር፣ ብረት፣ ቆርቆሮና እርሳስ ተዘርዝረዋል። እዚያ ቆርቆሮ ከብር ጎን ተቆጥሯል። ሊቆጠርም ይገባዋል፤ ለስላሳ መዳብ ውስጥ አንድ አሥረኛ ያህል ሲገባ ጠንካራ ነሐስ የሚያደርገው እሱ ነው። የሰው ልጅ አንድ ዘመን በነሐስ ስም ተጠርቷል፤ ቆርቆሮ ግን በስሙ የተጠራ ዘመን የለውም። ስለዚህ ሰዎች ለጥራት የለሽ ዕቃ ሁሉ «ቆርቆሮ ነው» ሲሉ ስሰማ ከልቤ ቅር ይለኛል።

ወደ ጥቅሉ ልመለስ። ልጣፉ ላይ የቆርቆሮ የኬሚስትሪ ምልክት የሆኑት ኤስ እና ኤን የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና 99.3 የሚል ቁጥር አለ። ይህም ከመቶው 99.3 እጅ ንጹሕ ቆርቆሮ፣ የቀረው 0.7 መዳብ ነው ማለት ነው። ፊደላቱ «ስታኑም» ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰዱ ናቸው። የጣሊያንኛው «ስታኞ» የመጣውም ከዚያው ነው፤ ትርጉሙም ቆርቆሮ ነው። የጥገና ባለሙያዎቻችን ቃሉን ከጣሊያንኛ እንዳለ ወስደው ለመበየጃው ሽቦ ሰጡት። ይህን ሳስብ ደስ አለኝ፤ ቆርቆሮ የምንለው አብዛኛው ነገር ቆርቆሮ አይደለም፤ ስታኞ የምንለው ግን ከሞላ ጎደል ቆርቆሮ ብቻ ነው።

የሽቦውን ጫፍ ወደ ጋለው መበየጃ ስናስጠጋ ልጄ ትንፋሹን ያዘ። ብረት ለመቅለጥ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ይህኛው ግን 227 ላይ ይለቀቃል። መጀመሪያ ጫፉ ክብ ሆነ፤ ከዚያ በድንገት እንደ ውሃ ጠብታ አበራና የመዳቡን ክሮች ተከትሎ ወደ ውስጥ ሰረገ። መበየጃውን ሳነሣ ብርሃኑ ለአንድ አፍታ ቆይቶ ከዳር ወደ መሀል እየደበዘዘ ሄደ፤ ረጋ። ልጄ እንደገና ላየው ብሎ ለመነኝ፤ ሁለተኛውን ሽቦ ሳያስፈልገው በየድንለት።

ሬዲዮው ሠራ። ድምፁ አሁንም ትንሽ ይንኮሻኮሻል፤ ነገ ሌላኛውን ጫፍ አየዋለሁ።