አጥሩ የተገፋበት ወር

በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተክለ ሃይማኖትና በአብነት መካከል በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሲሚንቶ እቆጥራለሁ፣ ፌሮ እለካለሁ፣ የወጪ ደረሰኝ ላይ እፈርማለሁ። አንድ ጠዋት ከመግባቴ የሌሊት ጥበቃው በር ላይ ተቀበሉኝና «ሌባው ተያዘ» አሉኝ። የሦስት ወር ጉድለት ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ይመስል «ሌባው» ነው ያሉት።

14 ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙን ሲገልጥ ማሰሪያ ሽቦ እንደ መቀነት ወገቡ ላይ ተጠምጥሟል፤ ጫፉ ሆዱን ቧጥጦት ቀይ መስመር አውጥቷል። የፈታሁለት እኔ ነኝ። ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ እኔ እስባለሁ፣ እሱ ይዞርልኛል፣ አንዳችንም አንናገርም። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 4 ኪሎ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ከመሄዳችን በፊት የጠፋውን ንብረት ሁሉ ዝርዝር እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። «በእሱ እንዝጋው» አለ። ለሒሳብ ክፍልም፣ ለባለቤቱም፣ ለእኔም የሚመች ሐሳብ ነበር፤ ጉድለት ባለቤት ሲያገኝ የንብረት ክፍል እፎይ ይላል። መዝገቡን የገለጥኩት ያንን ዝርዝር ለመጻፍ ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር አንዲት ቁራጭ ፌሮ አልጎደለችም። ከታኅሣሥ ወዲህ ግን ሳምንት አያልፍም፤ ሽቦ፣ ቁራጭ ብረት፣ የኤሌክትሪክ ገመድ። ታኅሣሥ ላይ ምን ተፈጠረ ብዬ ወደ ኋላ ስገልጥ ያገኘሁት የራሴን ፊርማ ነው፤ ለአጥር የወጣ ቆርቆሮ። አጥሩን ወደ ውጭ ገፍተን መተላለፊያውን የዘጋንበት ወር ነበር።

ሰፈሩ ያኔ የቀበሌ ቤት ነበር። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን ኪራዩ በጥቂት ብር ቆሞ ቀረ፤ ተከራዩም ያለ ፈቃድ ግድግዳውን አያድስ፣ አከራዩም አያድስለት፣ ጭቃው እዚያው አረጀ። አንድ ክፍል ውስጥ ቆጥ ተሠርቶ ልጆች ከላይ፣ ወላጆች ከታች ይተኛሉ፤ መጸዳጃው የጋራ ነው። ግማሹ ሰፈር ለልማት ተነሥቶ የቀረው ተራውን ይጠብቃል። መነሣቱ የማይቀር ቤት ላይ ደግሞ ሚስማር የሚመታ የለም።

መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ነበር። አፉ ላይ ግን አንዲት እናት ቡና ያፈላሉ፣ ሦስት ሴቶች ጉሊት ዘርግተዋል፣ ከመርካቶ የሚመጣ ጭነት የሚያወርዱ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ሥራ ይጠብቃሉ። የመብራት እንጨቱም እዚያው ነበር፤ አሁን በእኛ አጥር ውስጥ ነው፣ አምፖሉም የለም። ደመወዝ ሳንከፍላቸው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይጠብቁልን የነበሩትን ሰዎች በቆርቆሮ አባረን፣ በምትካቸው አንድ የደከሙ ሽማግሌ ከአንድ ዱላ ጋር ቀጠርን።

የልጁ እናት ከጉሊተኞቹ አንዷ ነበሩ። አጥሩ ከተገፋ ወዲህ ሽንኩርታቸውን ይዘው መርካቶ ዳር ይውላሉ፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ማዳበሪያውን በአራት ማዕዘኑ ጠቅልለው ይሮጣሉ፣ ቤት የሚገቡት ከመሸ ነው። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ «ማን ነው የሚገዛው?» ብለው ጠየቁኝ። ልጁም፣ ሚዛን ይዞ ጥግ ላይ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ እንዳለ ነገራቸው። ያን ሰውዬ ያነሣው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

እዚያ መስመር ላይ የዚህ ልጅ እኩያ ከ10 በላይ ነው፤ በሽቦ የሚጠረጠሩት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። «ድህነት ሌባ ያደርጋል» ማለት የቀሩትን መስደብ ይመስለኛል። ደግሞ መዝገቡን ስደምረው በገንዘብ ትልቁ ጉድለት የጄኔሬተሩ ናፍጣ ሆኖ ተገኘ። ናፍጣ በአጥር ቀዳዳ ሾልኮ አይወጣም፤ በዋናው በር፣ በጀሪካን፣ ሰላምታ ተሰጥቶት ነው የሚወጣው።

ዝርዝሩ ላይ «ማሰሪያ ሽቦ፣ 4 ኪሎ» ብቻ ጽፌ ፈረምኩ። ሥራ አስኪያጁ ሳምንት ሙሉ በሰው በኩል ነበር የሚያናግረኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለን ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣምና መርማሪው ልጁን ገሥጾ ለእናቱ አስረከበው። ስለ ናፍጣው ግን ለብቻ ማስታወሻ ጽፌ ነበር፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

መተላለፊያው ይከፈት፣ መብራቱም ይመለስ ብዬ ጠየቅሁ። መተላለፊያው የመኪና ማዞሪያ ሆኗል ተብሎ ተከለከለ። መብራቱ ግን ሌላ ጥበቃ ከመቅጠር ስለሚረክስ በማግስቱ በአጥሩ ጥግ ላይ ሁለት አምፖል ተሰቀለ። ስርቆቱ አልቆመም፤ መዝገቡ ላይ ግን በሳምንት የነበረው በወር ሆነ።

በሦስተኛው ምሽት ከሥራ ስወጣ ባለ ቡናዋ ረከቦታቸውን ከአምፖሉ ሥር አስቀምጠው አገኘኋቸው። ተቀምጬ አንድ ሲኒ ጠጣሁ። «ልጄ፣ ለመብራቱ ብዬ ቀንሼልሃለሁ» አሉኝና ሙሉውን ሒሳብ ተቀበሉኝ።